ስለ ተፋሰስና ስለ ውሃ ጥራት ከምን ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም መምህራን። የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት ነኝ። ለተፋሰስና ለውሃ ጥራት ያለኝ አራት ክፍለ ጊዜ ነው። ቤተ ሙከራ የለንም፤ ያለን የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀትና ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ትርጓሜ አስገልብጬ ማለፍ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሳይንስ መምህርት፦ ከመለካቱ በፊት መሬቱን አስቀድሚ። ልጆቹ ወረቀት ጨምድደው መልሰው በከፊል ይዘርጉት። ከፍ ከፍ ያሉትን ጫፎች ውሃ በሚያስለቅቀው ማርከር ያስምሩ። ከዚያ እንደ ካፊያ ውሃ ይርጩበት። ቀለሙ ወርዶ ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል። ከመርጨታቸው በፊት ግን ወዴት እንደሚወርድ ይገምቱ፤ ይቺን እንዳትዘያት! ጫፉ የተፋሰሱ ወሰን መሆኑን ያኔ ራሳቸው ይነግሩሻል።

የባዮሎጂ መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። ቀጥሎ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎናቸውን ቅደጂ። አንዱ ውስጥ ባዶ አፈር፣ ሌላው ውስጥ ሳር ከነሥሩ። አፋቸውን ዘቅዘቅ አድርገሽ እኩል ውሃ አፍስሺባቸው፤ የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበይ። ከባዶው አፈር የሚወጣው ድፍርስ ነው። ወንዝ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ድንጋይ እያነሱ ከሥሩ ይዩ። ጭራቸው ላይ ሦስት ቀጫጭን ክር ያላቸው የሜይፍላይ (ውሃ ውስጥ የሚያድግ ነፍሳት) እጮች ብክለትን ብዙም አይችሉም። ትል የሚመስሉ ቀያይ እጮች ብቻ ከበዙ ግን ኦክስጅን ሳያንስ አልቀረም። ፒኤች የሚነግርሽ የዛሬውን ነው፤ እነዚህ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ የከረሙ ናቸው።

የውሃ ጥራት ባለሙያ፦ እባክሽ አንድ ነገር አደራ። «ፒኤቹ 7 ነው፣ ውሃውም ኩልል ያለ ነው፤ ስለዚህ ይጠጣል» ብለው እንዳይሄዱ። ጀርም በዓይን አይታይም፤ የፒኤች ወረቀትም አያሳየውም። ቴርሞሜትሩንም አትናቂው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፦ በባሕር ወለል ከፍታ በ10 ዲግሪ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በ25 ዲግሪ 8 ገደማ። ንባቡን ቴርሞሜትሩ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይውሰዱ።

ሌላ አባል፦ ዝናብ በጣለ ማግስት ወንዝ ዳር አትውሰጃቸው። ጓንትና ሳሙናም ያዢ።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ወንዙ ግን ሩቅ ነው። ግቢያችን ይበቃል?

የሳይንስ መምህርት፦ በደንብ ይበቃል። የግቢውን ካርታ ይሳሉ። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን በቀስት ያመልክቱ። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ ቆሻሻ መጣያው ያለው ከውሃ ቧንቧው ሽቅብ ነው ቁልቁል?