ለምርቃት ድግስ በአንድ ጉርሻ የሚበሉ የፒዛ ኪሶች፦ ቺዙ እየፈሰሰ፣ ታቹ እየራሰ አስቸገረኝ

የተመራቂዋ እናት፣ አዲስ አበባ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ በሰኔ መጨረሻ ትመረቃለች። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ሰው ቆሞ እየተጫወተ በእጁ አንሥቶ የሚበላው ነገር እንዲቀርብ ፈልጋለች። የፒዛ ጣዕም ያለው፣ ከአንድ ጉርሻ የማይበልጥ፣ እንደ ሳምቡሳ ተዘግቶ በኦቨን የሚጋገር ይሁን ብላኛለች። 60 ያህል እንግዳ እንጠብቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ ሠራሁ። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት በእርሾ አቡክቼ፣ ኩፍ ካለ በኋላ ዳምጬ በብርጭቆ አፍ እያከበብኩ ቆረጥኩት። መሐሉ ላይ በጥሬው የተከተፈ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ አድርጌ አጠፍኩት፤ ጫፉንም በሹካ ተጫንኩት። 32 ፍሬ ወጣኝ። ከእነዚያ ውስጥ 20ዎቹ ኦቨን ውስጥ ተከፈቱ፤ ቺዙ ፈስሶ ትሪው ላይ አረረ። ያልተከፈቱትም ታቻቸው ርሶ ሊጥ ሊጥ ይላል።

ሌላው ጭንቀቴ ወቅቱ ነው። ዕለቱ በሰኔ ጾም ውስጥ ስለሚውል ከእንግዶቹ ግማሽ ያህሉ ጾመኞች ናቸው። ለእነርሱ የሚቀርበው የተረፈ ነገር እንዲመስል አልፈልግም። እኔም ስለምጾም የፍስኩን አልቀምስም፤ ሙስሊም ጎረቤቴ ናት እየቀመሰች ጨው አነሰ፣ በዛ የምትለኝ። ደግሞ የዚያን ዕለት መብራት ቢጠፋስ? ምን ያህሉን አስቀድሜ ብሠራ ይሻላል? እባካችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ዳቦ ጋጋሪው፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በሊጡ ልጀምር፤ ሥራዬ እርሱ ነው።

ከግማሽ ኪሎ ዱቄት 32 ብቻ ከወጣዎት እያንዳንዱ ከ25 ግራም በላይ ሊጥ ወስዷል ማለት ነው። ያ ለሁለትና ለሦስት ጉርሻ ይበቃል፤ ወፍራም ስለሆነም ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይቀላል። ለአንድ ጉርሻ 15 ግራም ያህል በቂ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረትና ሰባት ሳንቲ ሜትር ስፋት ማለት ነው። አንዷን መዝነው በእጅዎ ከለመዱ ሌላውን በዓይን መገመት ይችላሉ።

ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 290 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 10 ግራም ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያድርጉ። ደረቅ እርሾው ከ5 ግራም አይብለጥ። የውጭ አገር አሠራሮች 7 ግራም ይላሉ፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሊጥም ቶሎ ይነፋል። በሰኔ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ዘገየ ብለው እርሾ አይጨምሩ፤ ጊዜ ይስጡት እንጂ።

አሁን ወደ መከፈቱ። ከሞሉትና ካጠፉት በኋላ እንደ ዳቦ ሁለተኛ ጊዜ ኩፍ እስኪል ጠብቀው ከሆነ፣ ጫፉን የከፈተው ያ ነው። የተሞላ ሊጥ 10 ደቂቃ ካረፈ ይበቃዋል፣ ወዲያው ኦቨን ይግባ። ሌላው ደግሞ ጫፉ ላይ ዱቄት ወይም ዘይት ከነካ በሹካ ቢጫኑትም አይያያዝም። ጫፉን በውኃ በራሰ ጣት ዞር ዞር ያድርጉበት፣ መጀመሪያ በጣት አጣብቀው ኋላ በሹካ ይጫኑት። አናቱንም በሹካ አንድ ጊዜ ወጋ ያድርጉት፤ እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ራሱ ይፈልጋል።

ኦቨኑን 220 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያግሉት፣ ትሪውን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ያስገቡ። ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይበቃል። ለአንድ ሰው አራት አራት ብለን 240 ብናስብ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ዱቄት ከነትርፉ ይበቃዎታል።

የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

ስለ ሊጡ ወንድሜ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ዋናው ጥፋት መሙያው ላይ ነው ባይ ነኝ። ጥሬ ቲማቲም ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ውኃ ነው። በተዘጋ ሊጥ ውስጥ ያ ውኃ የት ይሄዳል? ግማሹ ታቹን ያርሳል፣ ግማሹ እንፋሎት ሆኖ ጫፉን ይገፋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንፋሎቱ ሊጡ ገና ሳይጠነክር ይነሣል ማለት ነው።

ስለዚህ እንደ ቁሌት ይሥሩት። አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም ልጠው ይክተፉ፤ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሰማምተው ቲማቲሙን ይጨምሩበት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ፣ ጨው፣ ቁንጥር ስኳር። በመጠነኛ እሳት 40 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ማማሰያውን በድስቱ መሐል ሲጎትቱት የተከፈተው መንገድ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ሊጡን እንዳይነካ፤ ትኩስ መሙያ ሊጡን ያላላዋል።

ኦሬጋኖ ካጡ ወይም ከተወደደብዎት ጦስኝ ይጠቀሙ። ሁለቱም ሽታቸውን ከሚያገኙባቸው ዘይቶች ዋና ዋናዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ እንዲያውም የሰሜን ሸዋ ጦስኝ ከታሸገ አሮጌ ኦሬጋኖ ይበልጥብኛል። በሶብላ ካለዎት ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ጣል ያድርጉበት፤ ጣሊያኖቹ ፒዛ ላይ የሚያደርጉት ባሲሊኮ ዘመዱ ነው።

ቺዝ በተመለከተ፣ ያልቆየ፣ እርጥብ ሞዛሬላ ለተዘጋ ነገር ውኃው ይበዛል። ፕሮቮሎኔ ይግዙ። አሠራሩ እንደ ሞዛሬላ በፍል ውኃ እየተለጠጠ ነው፣ ስለዚህ እንደ እርሱ ይሳባል፤ ግን ስለሚቆይ ደረቅ ነው፣ ጣዕሙም ይበረታል። አይፈቅፍቁት። የሽንብራ ጥሬ ሁለት እጥፍ አድርገው፣ 5 ግራም ያህል እየሆነ በኩብ ይቁረጡትና ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት። በረዶ ሆኖ ከገባ ሊጡ እስኪበስል አይፈስም። ለ120 የፍስክ ፍሬ 600 ግራም ይበቃል።

የእኛ አይብ አይቀልጥም፤ አሬራው ሲሞቅ በራሱ ኮምጣጣነት የረጋ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢሞቅ አይሳብም። ሆኖም በጨርቅ በደንብ ተጨምቆ ከቲማቲሙ ጋር ቢደባለቅ እርጥበት ይይዛል፣ ወጪም ይቀንሳል።

ሥጋ አያስገቡ። በቺዝ ብቻ ከሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠይቅ ያነሣል።

እህታችሁ ከሮም

እዚህ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ወጥ ቤት ስሠራ ስለኖርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ቺዝና ቲማቲም በሊጥ ዘግቶ መጋገር ለጣሊያኖች አዲስ አይደለም። በደቡብ፣ በሌቼ ከተማ፣ ሩስቲኮ የሚሉት አላቸው። በሁለት ክብ ድርብርብ ሊጥ መሐል ሞዛሬላ፣ ቲማቲም፣ ቁንዶ በርበሬና ቤሻሜል (በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራ ወፍራም ነጭ ማባያ) ይገባል። የማይፈሰው በቤሻሜሉ ነው፤ ቺዙንና ቲማቲሙን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። እኔም ትናንሾቹን ስሠራ ከዚህ ወስጃለሁ። 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 50 ግራም ዱቄት፣ 400 ሚሊ ሊትር ወተት፤ ወፍራም እስኪሆን አማስላችሁ አቀዝቅዙት። ለእያንዳንዱ ኪስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቲማቲም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤሻሜል፣ አንድ ኩብ ቺዝ። ከዚያ በላይ አትሙሉ።

በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ለመጨመር እንዳትፈተኑ እለምናችኋለሁ። የፒዛ ጣዕም ቲማቲም፣ ቺዝ፣ የወይራ ዘይትና ቅጠሉ ነው። በርበሬ ከገባ ጥሩ ሳምቡሳ ይሆናል፣ ፒዛነቱ ግን ይጠፋል።

የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

በበርበሬው እስማማለሁ፣ በሚጥሚጣው ግን አልስማማም። ጣሊያኖችም በደቡብ ቀይ ቃርያ አድርቀው ፒዛ ላይ ይበትናሉ። ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጣዕሙን ያነቃዋል እንጂ አይለውጠውም። ለልጆች የሚሆነው ግን ሳይነካ ይቅር።

የማኅበር ድግስ የለመደች፣ ደብረ ብርሃን

የጾሙን ለእኔ ተዉልኝ። ለጾመኛ ቺዙን አውጥቶ ቲማቲም ብቻ መዝጋት ያሳዝነኛል፤ እንግዳው ወዲያው ያውቀዋል። በቺዙ ቦታ ክብደትና ቅባት ያለው ነገር መግባት አለበት።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። እንጉዳይ በደቃቁ እከትፍና ያለ ዘይት ድስት ላይ ውኃው እስኪደርቅ አመሰዋለሁ። ለብቻው ብዙ ቀይ ሽንኩርት ቀስ ብሎ ወርቃማ እስኪሆን በዘይት አቁላላለሁ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አትቸኩሉ። ሁለቱን አደባልቄ ፍሬው የወጣ ጥቁር የወይራ ፍሬ፣ ቃርያና ጦስኝ እጨምርበታለሁ። መያዣው ደግሞ የጾም ቤሻሜል ነው፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ሁለት ብርጭቆ የእንጉዳይ ግንድ የተቀቀለበት ውኃ። ሲወፍር እንጉዳዩን ያቅፈዋል። ይህን በላዩ ከወፍራሙ የቲማቲም ቁሌት ትንሽ አድርጋችሁ ዝጉ። ሊጡ በዘይት ስለሆነ ራሱ የጾም ነው። ላዩን እንቁላል አትቀቡት፣ ዘይት ቀቡት።

ቅርጹን ለዩት። የጾሙ ክብ፣ የፍስኩ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይሁን፤ ማንም «ይህ የምንድን ነው?» እያለ አይቸገርም። ቢላው፣ ትሪውና መቀቢያው እንዳይደባለቅ የጾሙን አስቀድማችሁ ጋግራችሁ ጨርሱ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጎንደር

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። እኛ የተከራየነው ቤት ኦቨን የለም፤ ያለን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ነው። ይህ ነገር ለእኛ አይሆንም ማለት ነው?

ዳቦ ጋጋሪው፣ ሐዋሳ

ይሆናል፣ ወንድሜ። ምጣዱን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርግና በአክንባሎ ክደነው። ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሚመጣ ላዩ ነጭ ይሆናል፤ እንደ አምባሻ በአምስት ደቂቃ ገልብጠው። የግማሽ ጨረቃው አይመችም፣ ጠፍጣፋ ክብ አድርገው። መጥበስ ከፈለግህ ደግሞ እርሾ አታስገባ፤ ወይም ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የሳምቡሳ ቂጣ ተጠቀም። ቁራጭ ሊጥ ጣል ስታደርግበት ወዲያው አረፋ ሠርቶ ከተንሳፈፈ ዘይቱ ደርሷል።

ከቨርጂኒያ

አስቀድሞ ስለመሥራት። እኔ ለልጆቼ ልደት ሁልጊዜ ከሳምንት በፊት እሠራለሁ። እርሾ ያለበትን በጥሬው ፍሪዘር ማስገባት አልወድም፤ እርሾው ይዳከማል። ለስምንት ደቂቃ ብቻ፣ ሳይቀላ ጋግሬ አወጣዋለሁ፤ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ትሪ ላይ ዘርግቼ አቀዘቅዘውና በረዶ ከሆነ በኋላ ወደ ላስቲክ ከረጢት እጨምረዋለሁ። የድግሱ ዕለት ሳላቀልጥ በ200 ዲግሪ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ይበቃዋል።

መብራት ለረጅም ሰዓት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ግን ፍሪዘሩም አያስተማምንም። እንዲያ ከሆነ በዋዜማው ማታ ስምንት ደቂቃውን ጋግረው በማቀዝቀዣ ያሳድሩትና ጠዋት ያጠናቅቁት። ጠዋት መብራት ከጠፋም በጋዝ ምድጃ ላይ፣ ወፍራም መጥበሻ ውስጥ ከድነው ማሞቅ ይቻላል፤ አብዛኛው በስሎ ያደረ ስለሆነ ጥሬ አይሆንም።

በውጭ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ድርብርብ ሊጥ ስትገዙ ለጾመኛ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ። አንዳንዱ በቅቤ፣ አንዳንዱ በአትክልት ቅባት የተሠራ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ወተት የሚል ቃል ካለ ተዉት።

የተመራቂዋ እናት፣ አዲስ አበባ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ደግሜ ሠራሁ። ቲማቲሙን መንገዱ እስኪከፈት አቁላላሁት፣ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አደረ። ፕሮቮሎኔውን በኩብ ቆርጬ በረዶ አደረግሁት። ቤሻሜሉን ለፍስኩ ሞከርኩት፣ የደብረ ብርሃኗን እህቴን እንጉዳይ ለጾሙ። ከግማሽ ኪሎው ሊጥ 51 ወጣኝ። የተከፈቱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ሲመሽ ተቻኩዬ ከመጠን በላይ የሞላኋቸው ነበሩ። ታቻቸው ሲኳኳ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል።

ጎረቤቴ የፍስኩን ቀምሳ «ጨው ጨምሪ፣ ሌላው አይነካ» አለች። የጾሙን እኔው በላሁት፤ እንጉዳዩና ሽንኩርቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ልጄም እየጾመች ስለሆነ አምስት አነሣች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከኦቨን ሲወጡ ጥርት ያሉ ነበሩ፤ እንዳይቀዘቅዙ ብዬ በክዳን ዕቃ ብዘጋባቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሰለሱ። እንግዳ እስኪመጣ እንዴት ላቆያቸው?

የማኅበር ድግስ የለመደች፣ ደብረ ብርሃን

በእንፋሎታቸው ነው የለሰለሱት። ሰፌድ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተሽ ሳይደራረቡ ደርድሪያቸው፤ ሰፌዱ ከታች አየር ያስገባል። ላያቸውን በስስ ነጠላ ብቻ ሸፍኚው። እንግዳ ሲገባ በ180 ዲግሪ አራት ደቂቃ መልሰሽ አሙቂያቸው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሳይሆን 40 40 እያደረግሽ። የጾሙን ሰፌድ በር አጠገብ አስቀምጪው፤ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው።