እናቴ በሩ ተዘግቶባት ውጭ ቀረች፤ ምን ዓይነት ቁልፍ ልግዛ?

የልደታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ የ74 ዓመት እናቴና አምስተኛ ክፍል የምትማር ልጄ። በራችን ላሜራ ነው። የተገጠመለት ቁልፍ በሩ ሲገጥም ራሱ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ከውጭ እጀታ የለውም።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ሽሮ ጥዳ ለጎረቤት ጨው ልታቀብል ብቅ እንዳለች ነፋስ በሩን ዘጋባት። ቁልፉ ውስጥ ነው፣ ምድጃው እንደበራ ነው። እኔ ካዛንቺስ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስደርስ ኮሪደሩ በጭስ ታፍኗል፤ እማዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ከድስቱ በቀር የተጎዳ ነገር የለም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ቅዳሜ መርካቶ ሁለት አሳዩኝ፦ በጣት አሻራ የሚከፈት፣ እና ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ብቻ የሚሠራ ከባድ። ሻጩ «ይሄን ሌባ አይደፍረውም» ብሎ ሁለተኛውን ሊሸጥልኝ ነበር። እማዬ ግን ትረሳለች፤ ቁርጥማት ስላለባትም ቁልፍ ማዞር ይከብዳታል። ልጄ ደግሞ ቀድማኝ 9፡30 ላይ ትገባለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰንጋተራ፦
እንኳን እናትሽን እግዚአብሔር አተረፈልሽ። አሻራውን እኛ ሞክረነዋል። ለእኔና ለባለቤቴ ተስማምቶናል፤ አያታችንን ግን እምቢ አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው፣ የጣታቸው መስመር አልቋል። እጃቸው ሲረጥብማ ጭራሽ አያነበውም። ኮዱን ይረሱታል። መብራት መጥፋት እንኳ አያሳስብሽ፣ የእኛው በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው።

ቁልፍ ሠሪው፦
እህቴ፣ ከውስጥም በቁልፍ የሚዘጋውን በፍጹም እንዳትገዢ። እናትሽ ብቻቸውን እያሉ እሳት ቢነሳ ቁልፉን ሲፈልጉ ጭሱ ይቀድማቸዋል። ቁልፉን ከውስጥ ሰክተው ቢተኙ ደግሞ ተራ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበት ክፍል) ከሆነ የአንቺ ቁልፍ ከውጭ አይሠራም። እንዲህ ዓይነት በር ስንት ጊዜ ሰብሬያለሁ፤ አንዴ ውስጥ የወደቁ አባት ነበሩ።

እኔ ብሆን የምገጥምልሽ በሁለቱም በኩል እጀታ ያለው፣ ሲሊንደሩ ከውጭ በቁልፍ ከውስጥ በጣት የሚዞር ነው። እጀታው ከውጭም ምላሱን ስለሚስብ ነፋስ ቢገፋው በሩ ይገጥማል እንጂ አይቆለፍም። ከውስጥ የሚያዞሩት ሰፊ ስለሆነ ለእጃቸው አይከብድም። የሚሰካ ቁልፍም ስለሌለ አንቺም ልጅሽም ከውጭ መክፈት አያቅታችሁም። ውስጥ መቀርቀሪያ ካለ ግን አስነቅዪው፤ እሱ ከተዘጋ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጉዳቱንም ልንገርሽ። የድሮው ቁልፍሽ መቆለፍ ለሚረሳ ሰው ጥሩ ነው፤ ይሄኛው ቁልፍ ይዞ መውጣት ለሚረሳ። እናትሽ ሳይቆልፉ ርቀው ከሄዱ ቤቱ ክፍት ነው። ብቻቸውን ወዴት ወዴት ይወጣሉ? መልሱ እሱ ላይ ነው ያለው። በሩ አጠገብ እጅ የሚያስገባ ፍርግርግ ወይም መስታወት ካለም ንገሪኝ፤ በጣት የሚዞረውን ሌባም ያዞረዋል።

ሳትለኪ አትግዢ። የድሮው ላዩ ላይ የተለጠፈ ከሆነ አዲሱ ውስጥ ገብ ነውና በያጅ ላሜራውን መቁረጥ አለበት። ሲሊንደሩ የሚለካው ከመሃሉ የብሎን ቀዳዳ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ነው፤ 30 በ30፣ 35 በ35፣ 30 በ40 እየተባለ ይሸጣል። ውጭ በኩል ከሽፋኑ ከ2 እና 3 ሚሊሜትር በላይ አይውጣ። ከወጣ ሌቦች በፒንሳ ይዘው ያጥፉትና ብሎኑ ጋ ይሰበራል፤ ብረቱ የሚሳሳው እዚያ ነው። ሲጠጥር ዘይት እንዳታፈሺበት፣ አቧራ ይሰበስባል። የግራፋይት ማለትም የመጻፊያ እርሳስ ጥቁሩ ዱቄት ይሻለዋል።

የልደታዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ፍርግርግም መስታወትም የለውም። እማዬ ብቻዋን የምትወጣው ጎረቤት ቡና ለመጠጣት ነው፣ በራችን ከዚያ ይታያል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው። ስለዚህ እጀታ ያለውን እገዛለሁ። መቀርቀሪያውን ግን አይነቀልም አለች፤ ማታ እሱን ሳትዘጋ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ቁልፍ ሠሪው፦
እውነታቸውን ነው፣ ስንት ዓመት የዘጉት ነው። አትጣያቸው። አዲሱ ሲገጠም በሩን ክፈቺና ራሳቸው ሁለት ዙር ያዙሩት፤ ከዚያ ወጥቶ የሚታየውን ወፍራም ብረት በእጃቸው ይንኩት። መቀርቀሪያውን ለጊዜው ተይላቸው፤ ማታ አንቺ እያለሽ ይዝጉት። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጪ ግን እንዳይዘጋ የመቀርቀሪያውን እጅ ክፍት እንዳለ በሽቦ እሰሪው።