የጆርጅ ሜሰን የ2006 ቡድን፦ ዕድል ነበር ወይስ ችሎታ?

ሳምሪ_ፌርፋክስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከኖቫ ኮሌጅ ትራንስፈር አድርጌ ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ቅርጫት ኳስ ድሮ አላይም ነበር፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው የለመድኩት። አሁን ጨዋታ ሲኖር ቤት አልቀመጥም።

አሬናው ውስጥ ቡድናችን በ2006 ፋይናል ፎር (የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር የመጨረሻ አራት) መግባቱን የሚያስታውስ ባነር ተሰቅሏል። ሁሌ አየዋለሁ። ትናንት ማታ ከክላስ ልጆች ጋር ስለሱ ክርክር ተነሳ። አንዱ ልጅ "ዕድል ነው የቀናቸው፣ ያንን ጨዋታ አስሬ ቢደግሙት ዘጠኙን ይሸነፉ ነበር" አለ። እኔ መልስ አልነበረኝም፣ ያኔ አዲስ አበባ ገና ዳዴ የምል ልጅ ነበርኩ። ግን ነገሩ ከነከነኝና ቤት ገብቼ ፋይናል ፎር የገቡበትን የኮኔክቲከት ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ውጤቱን እያወቅኩ እንኳ እጄ ያልበኝ ነበር።

እና ያኔ እዚህ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ የነበራችሁ ንገሩኝ። በእርግጥ ምን ነበር የሆነው? ዕድል ብቻ ነው?

---

አቢ_ሜሰን፦

ሳምሪ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። ያኔ ሶስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርሽ።

ሜሰን ከዚያ በፊት ማርች ማድነስ (የኮሌጆች ሀገር አቀፍ ጥሎ ማለፍ) የገባው ሶስቴ ብቻ ነው፣ በ1989፣ በ1999 እና በ2001። አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በ2006 በሊጉ ጥሩ ተጫውተን 15 አሸንፈን 3 ተሸንፈን ከዊልሚንግተን ጋር እኩል አንደኛ ሆንን። ከዚያ በሊጉ ጥሎ ማለፍ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሆፍስትራ 58 ለ49 አሸነፈን። ሽንፈቱ ሳያንስ የእኛው ተጫዋች ቶኒ ስኪን የሆፍስትራን ልጅ ከወገብ በታች በቡጢ መታው። ኮች ላራናጋ ማንም ሳያዛቸው ለቀጣዩ ጨዋታ አገዱት። ቀጣዩ ጨዋታ ግን ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም ነበር፣ ምክንያቱም ሊጉን ያላሸነፈ ቡድን የሚገባው ኮሚቴው ከመረጠው ብቻ ነው።

ኮሚቴው መረጠን። 11ኛ ሲድ (በምድባችን 11ኛ ደረጃ) ተሰጠን። በቴሌቪዥን ቢሊ ፓከር የሚባለው ተንታኝ ለምን እንደኛ ያሉ ትንንሽ ሊጎች ይገባሉ ብሎ በግልጽ ተከራከረ። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሰማው ደሜ ፈላ።

ከዚያ የሆነውን እዪ። ዴይተን ላይ ሚሺገን ስቴትን 75 ለ65፣ ስኪን ታግዶ እያለ። ቀጥሎ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ኖርዝ ካሮላይናን 65 ለ60። ያንን ጨዋታ 16 ለ2 ስንመራ (እነሱ 16፣ እኛ 2) አብሮኝ የሚያየው ልጅ ተነስቶ ሊሄድ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። ከዚያ ዲሲ መጥተን ዊቺታ ስቴትን 63 ለ55። ከዚያ ኮኔክቲከትን በተጨማሪ ሰዓት 86 ለ84።

እንግዲህ ቁጠሪ። ሚሺገን ስቴት የ2000 ሻምፒዮን ነው፣ ኮኔክቲከት የ2004፣ ኖርዝ ካሮላይና የ2005። ሶስቱንም በአስር ቀን ውስጥ። ይሄን ዕድል የሚል ሰው ዕድል የሚለውን ቃል እንደገና ያስብበት።

---

ዮኒ_ሲልቨር፦

እኔ በከፊል ከሳምሪ ጓደኛ ጋር እስማማለሁ። ተቆጡኝ ግን ስሙኝ።

አንደኛ፣ ሆፍስትራ ሜሰንን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁለቴ አሸንፎ ሳይመረጥ ቀረ። ያ ኮሚቴ በሌላ ቀን ሌላ ነገር ሊወስን ይችል ነበር። ሁለተኛ፣ ዊቺታንም ኮኔክቲከትንም የገጠሙት ያኔ ቬራይዘን ሴንተር ይባል በነበረው አሬና ነው፣ መሀል ዲሲ ቻይና ታውን፣ ከካምፓሱ በመኪና ይደረሳል። የሜሰን ተማሪ በሜትሮ ነው የሄደው። ኮኔክቲከት አንደኛ ሲድ ሆኖ የእንግዳ ያህል ነው የተጫወተው። ሶስተኛ፣ ኮኔክቲከት ከሁለት ቀን በፊት ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጨማሪ ሰዓት ተጫውቶ ነው የተረፈው። ደክሞት ነበር።

ችሎታ አልነበራቸውም አላልኩም። ግን ዕድልም ነበረበት። ይሄን ማለት ቡድኑን መስደብ አይደለም።

---

አቢ_ሜሰን፦

ዮኒ፣ የደጋፊው ነገር እውነት ነው። የሆፍስትራም እውነት ነው፣ ያሳዝናል፣ መግባት ነበረባቸው። ግን ድካም ያልከው ላይ አልስማማም። ኮኔክቲከት ላይ እስከ እረፍት 43 ለ34 እየተመራን ነበር። የደከመ ቡድን 9 ነጥብ አይመራም።

ጨዋታውን የለወጠው ሳጥኑ ውስጥ የተሰራው ስራ ነው። ጄይ ሉዊስና ዊል ቶማስ ሁለቱም ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ ነው፣ ለሳጥን ተጫዋች አጭር ነው። በኮኔክቲከት በኩል ጆሽ ቡንና ሂልተን አርምስትሮንግ አሉ፣ 2 ከ10 ገደማ፣ እጃቸው የዛፍ ቅርንጫፍ የሚያህል። ሉዊስ ግን ሰውነቱ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነው የሚመስለው፣ በኋላም ኒውዮርክ ጃይንትስ ለፉትቦል አስፈርሞት ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ትከሻውን ደረታቸው ላይ አድርጎ፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ገፍቶ ገፍቶ ቅርጫቱ ስር ይደርሳል፣ ከዚያ እነሱ ገና ለመዝለል ሲያስቡ ኳሷ ወጥታለች። ቶማስ ደግሞ ግራ እጁ ጥሩ ነው። ረጃጅሞቹ የቀኙን እጅ ለማገድ ሲወጡ እሱ በግራው ለስለስ አድርጎ ያስገባታል። ደግሞ የኮኔክቲከቱን ሩዲ ጌይን ከባልቲሞር ሃይስኩል ጀምሮ ያውቀዋል፣ እዚያም ቶማስ ነበር የሚያሸንፈው። ስለዚህ ለሌላው ሰው ኮከብ የሆነው ጌይ ለቶማስ የሰፈር ልጅ ነው።

ሉዊስ 20 አገባ፣ ቶማስና ላማር በትለር 19፣ 19። ሳምሪ፣ ቪዲዮውን እንደገና ስታዪው የሁለተኛውን አጋማሽ ሳጥን ብቻ እዪ። ውጪ የሚሆነውን እርሺው።

በዚያ ዓመት ድራፍት ከኮኔክቲከት አምስት ልጆች ኤንቢኤ መረጣቸው፣ አራቱ በመጀመሪያው ዙር። ከእኛ አንድም።

---

ጋሽ_ደሬ፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ብዙ አልጽፍም፣ ግን ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ያኔ ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። ቀኑን አልረሳውም፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 17 ቀን፣ የደብረ ዘይት እሁድ ነበር። ቅዳሴ ተነስቼ፣ የጾም ምሳዬን በልቼ፣ ከሰዓት በኋላ ስራ ወጣሁ። የዚያን ቀን ሰባተኛው ጎዳና አረንጓዴና ቢጫ ለብሶ ነበር። መጀመሪያ ሳይ የእኛ ሰዎች በዓል መስሎኝ ነበር፣ ከባንዲራችን ቀዩ ብቻ ነው የጎደለው።

ጨዋታውን በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ዳር ይዤ ቆሜ። ከኋላዬ ሁለት የእኛው ታክሲዎች ቆሙ፣ ወርደው መስኮቴን ተደግፈው ሰሙ። አንደኛው ስለ ጨዋታው ምንም አያውቅም፣ "ማነው የእኛ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ትንሹ" አልኩት። በቃው።

መጨረሻው ላይ በሁለት ነጥብ እየመሩ ያ ስኪን የሚባለው ልጅ ቅጣት ምት ሳተ። ኮኔክቲከቶች ሮጠው ሰዓቱ ሲያልቅ አገቡና 74 እኩል ሆነ። መሪውን በእጄ መታሁት። ተጨማሪ ሰዓቱ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ሉዊስ ሁለት ቅጣት ምት ሳተ። ሁለቱንም! ኮኔክቲከት በሶስት ነጥብ ሊጨርሰው ወረወረ። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ረዘመችብኝ። ከዚያ ጩኸት ሆነ፣ ግን የማን ጩኸት እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብን።

ከዚያ በሩ ተከፈተና ህዝቡ ወጣ። አንድ አባትና ሴት ልጁ ታክሲዬ ውስጥ ገቡ። ሰውየው ድምፁ ጠፍቷል፣ አድራሻውን በጣቱ ነው ያሳየኝ። ልጅቷ ታለቅሳለች። ሂሳብ ላስከፍል ስል ራሱን ነቀነቀና 50 ዶላር ሰጥቶኝ ወረደ። መንገዱ የ15 ዶላር መንገድ ነበር።

የእኔዋ ልጅ ያኔ 11ኛ ክፍል ነበረች። ማታ ስነግራት "የት ነው ትምህርት ቤቱ?" አለችኝ። "ፌርፋክስ፣ እዚሁ" አልኳት። በዓመቱ እዚያው አመለከተች፣ ተቀበሏት፣ እዚያው ተመረቀች።

---

ዮኒ_ሲልቨር፦

ጋሽ ደሬ፣ እድሜ ይስጥልን። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ምን እከራከራለሁ።

ስለ ልጅዎ ማመልከቻ ያሉት ደግሞ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ የአመልካቹ ቁጥር በጣም ጨምሯል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባስጠናው ጥናት በሚዲያ ያገኘው ነጻ ማስታወቂያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። በ1957 የተጀመረና እስከ 1972 የሌላ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ለነበረ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ይሄኛው እኔን በግል የሚነካኝ ነው። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ከሜሪላንድ ናቸው። ፎላሪን ካምቤል እኔ ያደግኩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በትለር ከፎርት ዋሽንግተን፣ ቶማስ ከባልቲሞር፣ ሉዊስ ከአበርዲን። ስኪን ደግሞ ሌጎስ ናይጄሪያ ተወልዶ ታኮማ ፓርክ ነው ያደገው። እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ ከፍ ያሉት ልጆች "እነዚያን እኮ እናውቃቸዋለን" ይሉ ነበር። የስደተኛ ልጅ ሆኜ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ስም ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ስኪንም በኋላ በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ለናይጄሪያ ተጫውቷል። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች አላሳደዷቸውም። ላራናጋ ግን ከ1997 ጀምረው እዚያ ስለነበሩ አካባቢውን ያውቁታል፣ አንድ በአንድ ለቅመው ሰበሰቧቸውና ለዓመታት አብረው አሳደጓቸው። እኔ ዕድል የምለው ውጤቱን ነው፣ ቡድኑን ግን ዕድል አልሰራውም። እዚህ ላይ አቢ ልክ ነው።

---

ሳምሪ_ፌርፋክስ፦

ቆይ ቆይ፣ ቶኒ ስኪን ማለት ኮች ስኪን? አሁን የእኛ አሰልጣኝ የሆነው? ያ ሰው የሚታገድ፣ ቡጢ የሚሰነዝር ልጅ ነበር እንዴ? እኔ የማውቀው ሱፍ ለብሶ ዳር ላይ ቆሞ ነው!

---

አቢ_ሜሰን፦

ራሱ ነው። በ2023 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ።

ለዚህም ነው ስለዚያ ቡድን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ የሆነው። በሶስት ሳምንት ውስጥ ሰው መታ፣ ታገደ፣ ቡድኑ ያለ እሱ አሸነፈ፣ ተመለሰ፣ በህይወቱ ትልቁ ጨዋታ ላይ ቅጣት ምት ሳተ። ግን አንድም ቀን ጓደኞቹ ፊታቸውን አላዞሩበትም። 74 እኩል ሆኖ ወደ ተጠባባቂው ወንበር ሲመለሱ ፊታቸውን አይተሻል? ቪዲዮው ላይ አለ። ማንም ስኪንን አይገላምጠውም። ኮቹ ፈገግ ብለው ነው የጠበቋቸው። እኔ ብሆን ጭንቅላቴን ይዤ መሬት ላይ ነበር የምቀመጠው።

ፋይናል ፎሩ ላይ ኢንዲያናፖሊስ ፍሎሪዳ 73 ለ58 አሸነፈን፣ ሊ ሀምፍሪ የሚባል ልጅ ከሶስት ነጥብ መስመር ጨረሰን። አልተናደድኩም። ፍሎሪዳ በዚያ ዓመትም በቀጣዩም ሻምፒዮን ሆነ። 27 አሸንፈን 8 ተሸንፈን ጨረስን። ከእኛ በፊት በ11ኛ ሲድ ፋይናል ፎር የደረሰ አንድ ቡድን ብቻ ነበር፣ ኤልኤስዩ በ1986። ከእኛ በኋላ ቪሲዩ፣ ሎዮላ ቺካጎ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኤንሲ ስቴት መጡ። እነሱን ሳይ ሁሌም በሩን የከፈቱት የእኛ ልጆች ናቸው እላለሁ።

ያን ሰሞን የካምፓሱ መጽሐፍ መደብር ቲሸርት አልቆበት ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርስ ነበር። አርባ ደቂቃ ተሰልፌ ያገኘሁት የልጆች መጠን ነበር። ገዛሁት። አሁን ልጄ ትለብሰዋለች።

---

ሳምሪ_ፌርፋክስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለዚያ ልጅ ይህን ሁሉ አነበብኩለት፣ "እሺ፣ ዘጠኝ አይደለም፣ አምስት" ብሏል። ቪዲዮውን አቢ እንዳልከኝ ሳጥኑን ብቻ እያየሁ ደገምኩት፣ ሌላ ጨዋታ ነው የሆነብኝ።

ጋሽ ደሬ፣ ልጅዎ በየትኛው ዓመት ነው የተመረቀችው? ቅዳሜ የሜዳችን ጨዋታ አለ። ከቪየና ሜትሮ አውቶብስ አለ፣ ከመጡ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ።

---

ጋሽ_ደሬ፦

በ2011 ነው ልጄ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ያኔ በሬዲዮ ብቻ ነው የሰማሁት፣ ውስጡን አንድም ቀን አላየሁትም።