ወንዱን ውሻ ለዘር ላቆየው ወይስ ላስኮላሸው?

የአዘዞዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ከቤቴ ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪዎች አከራያለሁ። ልጄ ከአዲስ አበባ ቡችላ ሆኖ ያመጣልኝ ጀርመን ሼፐርድ አለኝ፤ ነብሮ እንለዋለን። ዓመት አልፎታል፣ ሁለት ዓመት ግን አልሞላውም። የመጣው ለጥበቃ ነው፤ ጅብ እስከ አጥራችን ጥግ ስለሚመጣ። ያንን ሥራ እንከን የማይወጣለት አድርጎ ይሠራል።

ጣጣው የመጣው ከሰው ነው። ማራኪ ሰፈር የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው ሴት ሼፐርድ አለችው። «እትዬ፣ ይህን የመሰለ ውሻ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው? እናገናኛቸውና ከሚወለዱት አንዱን መርጠው ይውሰዱ» ይለኛል። ይህን የሰማ ጎረቤቴ ደግሞ የእኔዋ ክልስ ብትሆንም በገንዘብ እንስማማ አለ። ቡና ሊጠጣ የሚቀመጥ ሁሉ ስለ ነብሮ ጋብቻ ሐሳብ አያጣም። ልጄም በስልክ «እማዬ፣ ለዘር አቆይው፤ ጡረታሽን ይደጉምሻል» ይላል። በዓቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ ለውሻው የሚበላ ነገር ፍለጋ የምንከራተተው ግን እኔ ነኝ።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የሰፈር ሴት ውሻ ስትቀነዝር ነብሮ ምግቡን ትቶ የግቢውን በር ሲቧጭር ያድራል፤ ከውጭ ደግሞ የመንደሩ ወንድ ውሾች ተሰብስበው ይናከሳሉ። ተከራዮቼ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ አጡ። አንድ ጊዜ ቢገናኝ ይረጋጋል ወይስ ይብስበታል? ሁለተኛው ጉዳይ ጠባዩ ነው። በላያችን የሚያርፈው አውሮፕላን ጆሮውን እንኳ አያስቆመውም፤ የጥምቀት ከበሮና ሆታ ሲቃረብ ግን አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። ዘንድሮ ሊያወጣው እጁን የዘረጋውን ተከራይ ነከሰው። ክትባቱን በየዓመቱ ስለማስከትበው ብዙም አልተጨነቅንም። እንዲህ ያለው ፍርሃት ወደ ልጆቹ ይተላለፋል? ማኮላሸትን ሳነሳ ደግሞ «እንደ ሙክት ወፍሮ ይተኛል እንጂ አይጠብቅሽም» ይሉኛል። እውነት ነው?

የእንስሳት ሐኪም

እትዬ፣ ከተከራዩ ልጀምር። ውሻው ቢከተብም ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ፣ ከዚያም ተነካሹ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ውሻውም ለ10 ቀን በክትትል ይቆያል። ለወደፊቱ ይያዙልኝ።

መገናኘት አያረጋጋውም፤ የቀነዘረች ውሻ ሽታ ሲደርሰው እንደ ልማዱ ይሆናል። ሌላው ሰው የሚረሳው፣ በልማድ ሴቷ ናት ወደ ወንዱ ግቢ የምትመጣው። ለዘር አቆየዋለሁ ካሉ በርዎ ለሰው ውሻ ተከፈተ ማለት ነው። አብሮ የሚመጣው በሽታ ቀላል አይደለም። በግንኙነት የሚተላለፍ የብልት ዕጢ አለ፤ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው የሚሻገረው ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። በመላስና በማሽተትም ስለሚተላለፍ አፍንጫ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ በሚሰጥ የቪንክሪስቲን መርፌ ይድናል፤ ወጪውንና ምልልሱን ግን ያስቡት። ብሩሴላ ካኒስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ሴቷን ያስወርዳታል፣ ወንዱን ሊያመክነው ይችላል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ይዞት ሊገኝ ስለሚችል ያለ ምርመራ አይታወቅም።

ፍርሃት በከፊል ይወረሳል። ፈርቶ የሚናከስን ውሻ እኔ ለዘር አልመርጥም። በዚህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም የታወቀ ነው፤ በራጅ አስተማማኝ ፍርድ ለመስጠት ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይጠበቃል። ስለዚህ የማራኪው ሰው ለምን እንደሚቸኩል አልገባኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ ወርደዋል?

ከአራዳ

ሐኪሞች ሲጽፉ ያስፈራሉ። እኔ ወንድ ሼፐርድ ለዓመታት ይዤ አዳቅያለሁ፤ በሽታም አልገባብኝም፤ የሴቷን የክትባትና የምርመራ ወረቀት ሳላይ በር ስለማልከፍት ነው። ደም ማሳየት ከጀመረች ከዘጠነኛው ቀን ገደማ በኋላ ትመጣለች፤ አንድ ቀን ታርፍና ይደገማል። ከተቆላለፉ ግማሽ ሰዓት ሊቆዩ ይችላሉ። ያኔ ማንም ጎትቶ እንዳይለያያቸው፣ የሰፈር ልጆችም ድንጋይ እንዳይወረውሩ ቆሞ መጠበቅ ነው።

እኔን ያስመረረኝ ሰው ነው። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ መሐል ውሉ ይረሳል። ብዙ ቡችላ ከተወለደ የከሳውን ይሰጡዎታል፤ ሁለት ብቻ ከተወለደ «መርጠው ይውሰዱ» ያለው ሰው ስልክ አያነሣም። ካዳቀሉ በወረቀት ይፈራረሙ፤ ስንት ቢወለድ ምን እንደሚደርስዎት፣ ምንም ባይወለድስ ሴቷ ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ ሳይቀር።

የአዘዞዋ መምህርት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነብሮን አጥንት አስይዤ፣ ሆዱን እያከክሁ ዳሰስሁት። ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ተከራዬም ሞከረ፤ እሱም አንድ አለ። ለማራኪው ሰው ብነግረው «አንዱም ይበቃል፣ እኛ የምንፈልገው ቡችላ ነው» አለኝ።

የእንስሳት ሐኪም

በአንዱ ማስረገዙ እውነት ነው፤ ሰውየው አልዋሸም። ነገር ግን ጉድለቱ ይወረሳል፤ ወንዶቹ ልጆቹ እንደ እሱ ሊሆኑ፣ ሴቶቹም ሳይታይባቸው ሊያስተላልፉት ይችላሉ። የዘር ፍሬ በሁለት ወር ዕድሜ ገደማ ይወርዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሆድ ውስጥ የቀረው ደግሞ ወደ ዕጢ የመለወጥ ዕድሉ ከወረደው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሁለቱንም ማስወጣት ይመከራል። ቀዶ ጥገናው ከተለመደው ማኮላሸት ይከብዳል፤ ፍሬው ያለበት ቦታ ሩቅ ከሆነ ሆድ መክፈት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ወስደው ያስመርምሩት።

ጥበቃውን አይተውም፤ ግቢውን የእኔ ብሎ መጮኹ ከፍሬው ጋር አይወጣም። ሴት ፍለጋው ይቀንሳል። ውፍረቱ ግን ሐሜት ብቻ አይደለም፤ ምግቡን ቀነስ ያድርጉለት። የጥምቀቱን ፍርሃት ቀዶ ጥገናው አያድንም፤ ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ከአራዳ

አንድ ፍሬ ያለውንማ እኔም አላዳቅል። ወረቀቱ ቀረ።

የአዘዞዋ መምህርት

ለልጄ ደውዬ ነገርሁት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ሴት ልግዛልሽ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ሐኪም፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ምግብ የሚከለከለው? ማታ ማታ በመስኮት እንጀራ የሚጥሉለት ተከራዮች ስላሉኝ አስቀድሜ ማስጠንቀቅ አለብኝ።