ማሲንቆ በደንብ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የሐይቅዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። የምኖረው ባህር ዳር ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ 29 ዓመቴ ነው። ማሲንቆ ከጀመርኩ 7 ወር ሞላኝ። መጀመሪያ አንድ ማሰልጠኛ ገብቼ ነበር ስሙን አልጠራም፣ በ3 ወር ትጨርሻለሽ ብለው መዘገቡኝ፣ ክፍሉ ውስጥ 14 ሰው ነበርን ማሲንቆዎቹ ግን 6 ብቻ፣ ተራ ስንጠብቅ ነው ሰዓቱ የሚያልቀው፣ ሦስቱ ወር ሲያልቅ ወረቀት ሰጡኝ፣ አንድ ዜማ ግን ከላይ እስከታች መጫወት አልችልም ነበር። አሁን አንድ ጋሼ ቤት በሳምንት ሁለቴ እየሄድኩ ነው፣ አዝማሪ ናቸው፣ በጣም ጎበዝ ናቸው፣ ግን ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል ስላቸው መልስ የለም፣ "ቃኚ" ነው የሚሉኝ። ግማሹ ሰዓት በመቃኘት ያልቃል።
የጀመርኩበት ምክንያት እናቴ ናት። ልጅ ሆኜ ቡና ስታፈላ ታንጎራጉር ነበር፣ አባቴ ካረፈ በኋላ ተወችው። እሷ ስታንጎራጉር እኔ ከኋላ ሆኜ በማሲንቆ እንድከተላት ነው የምፈልገው፣ መድረክ ምናምን አላሰብኩም። ቀን ቀን ስራ ነው፣ ማታ 40 ደቂቃ አላጣም። ለዚህ ስንት ዓመት ልቁጠር? የለመዳችሁት እውነቱን ንገሩኝ።

ባለደጋን፦
እህቴ መጀመሪያ ስለ ጋሼሽ ልንገርሽ፣ አትቀይሪያቸው። "ቃኚ" የሚልሽ አስተማሪ እያስተማረሽ ነው። ማሲንቆ እኮ ክራር አይደለም፣ ክራር ላይ ድምፆቹ በየክሩ ተቀምጠውልሻል፣ ማሲንቆ ላይ ያለሽ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው፣ ምልክት የለው፣ ጊታር ላይ እንዳለው መስመር የለው፣ ጣትሽ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አይጫነውም፣ እንዲሁ ነው ከጎን የሚነካው፣ ትንሽ ወደላይ ወይ ወደታች ካለ ድምፁ ተበላሸ። ጣትሽ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው ጆሮሽ ብቻ ስለሆነ መቃኘት ማለት ጆሮ ማሰልጠን ነው።
የኔን ልንገርሽ፣ 11 ዓመት ተጫውቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደጋን መሳብ ብቻ ነበር፣ ግራ እጄን ሳልነካ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይንሿጠጥ ሳይቆራረጥ። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር፣ አሁን ሰው ሳስተምር እኔም እንደዛው ነው የማደርገው ምክንያቱም ደጋኑ ካልተስተካከለ ግራ እጅ የፈለገውን ቢያውቅ ዋጋ የለውም። ደጋኑን እጣን መቀባት አትርሺ፣ ካልተቀባ የደጋኑ ጭራ የክሩ ጭራ ላይ ይንሸራተታል ድምፅ አያወጣም። ብዙ ጀማሪ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል እጣን ነው የጎደለው።
ትዝታን ሳይዛነፍ ለመጫወት አንድ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። ከዛ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ ነው ግን በመሀላቸው ያለው ርቀት ስለሚለያይ እጅሽ አዲስ መንገድ ይማራል። አንቺሆዬ በጣም ነው ያስቸገረኝ፣ ከአንዱ ቅኝት ወደሌላው ሳልደናገር መሄድ የቻልኩት በሦስተኛው ዓመት ነው። ዘፋኝ መከተል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ዘፋኙ ይቆማል፣ ያዘገያል፣ ግጥም ይጨምራል፣ አንቺ ትጠብቂያለሽ። አዝማሪ ቤት ተወልደው ያደጉ ልጆች ይሄን ሳያውቁት ነው የሚይዙት፣ እኛ በትልቅነታችን የጀመርን ግን ቁጭ ብለን መልመድ አለብን።
ላንቺ ግን እንደዛ አይፈጅም። የምትከተዪው ድምፅ አንድ ነው፣ የእናትሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰማሽው። ዜማው አንድ ትዝታ ከሆነ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አብረሻት ትቀመጫለሽ ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ 40 ደቂቃ ካላቋረጥሽ ማለቴ ነው፣ ቅዳሜ ብቻ 4 ሰዓት ከሆነ ግን አይሆንም።

ስድስት ክር፦
እኔ ክራር ነኝ። ባለደጋን ትክክል ነው፣ ክራር በ3 ወር አንድ ዜማ ያስይዝሻል፣ ክሮቹ ስድስት ናቸው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሲደገም ነው፣ ቅኝት ስትቀይሪ ክሩን እንደገና ትቃኚዋለሽ እንጂ ጣትሽ ብዙ አይቸገርም። ሴት ልጅ ክራር ነው የሚያምርባት ብለውሽ ከሆነ ግን አትስሚያቸው፣ አስናቀች ወርቁን ያየ ሰው ሴት በክራር ምን እንደምትሰራ ያውቃል፣ ማሲንቆ ግን ለወንድ ብቻ ነው የሚል ህግ የትም የለም። ልብሽ ያለው ማሲንቆ ላይ ከሆነ እዛው ቆዪ።

ቁጥር ወዳድ፦
10,000 ሰዓት ነው የሚባለው። ያንቺን ብናሰላው በቀን 40 ደቂቃ ከሆነ 41 ዓመት ይሆናል ማለት ነው።

ባለደጋን፦
ወንድሜ እንደዚህ ብለህ ሰው አታስፈራራ፣ ቁጥሩ የመጣበትን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ጥናት ነው፣ የተጠኑት በርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ቫዮሊን የሚማሩ ልጆች ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ በጣም ጎበዝ የተባሉት 20 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። አማካይ ነው፣ ያልደረሱበትም አሉ፣ ደግሞም ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ለመውጣት የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው፣ እናቷን ማጀብ የምትፈልግ ልጅ መለኪያ አይደለም። ዋናው የጥናቱ ነገር ሰዓቱ ሳይሆን ልምምዱ እንዴት ነው የሚለው ነው፣ የሚያስቸግርሽን ቦታ ለይተሽ እሱን መደጋገም። የምትችዪውን ዜማ ሃምሳ ጊዜ ብትጫወቺው ደስ ይልሻል እንጂ አትሻሻዪም። ስልክሽ ላይ ቅጂውና በማግስቱ ስሚው፣ እየተጫወትሽ የማይሰማሽ ስህተት ያኔ ይሰማሻል።

የዘጌ ልጅ፦
እኔ የምማረው በገና ነው። አስሩ ክር ሲታይ ያስፈራል ግን ዜማው ዝግ ያለ ስለሆነ ጣት ቶሎ ይለምዳል፣ በስድስት ወር ሁለት መዝሙር ይዣለሁ። የሚከብደው ድምፅን ከበገናው ጋር አውርዶ ማስማማት ነው። በዐቢይ ጾም ሁሌም ልምምዴ ይጨምራል፣ ያኔ ነው ብዙ የምሻሻለው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ማሲንቆሽን ከየት ገዛሽው? ለቱሪስት የሚሸጠውን እንዳይሆን፣ ለግድግዳ ጌጥ ነው የሚሆነው፣ እኔ ለወንድሜ ገዝቼ አስለቅሼዋለሁ። ክሩ ናይለን ከሆነ ወይ ቆዳው ልል ከሆነ ጋሼሽን አሳዪያቸው።

የሐይቅዳሯ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሲንቆው ጋሼ ራሳቸው የመረጡልኝ ነው፣ ጭራ ነው። እጣኑን በተመለከተ ግን እውነት ነው ለሁለት ሳምንት አልቀባሁትም ነበር፣ ትናንት ቀብቼ ስስበው ሌላ ዕቃ መሰለኝ።
አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትናንት ማታ እማዬ ቡና እያፈላች ጎኗ ተቀምጬ ትዝታ ጀመርኩ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና "ከፍ አድርገሽ ነው የቃኘሽው፣ እኔ እዛ አልደርስም" አለችኝ። ክሩን ዝቅ አደረግኩት፣ አሁንም ትንሽ አለች፣ ዝቅ አደረግኩት። ከዛ ሁለት ስንኝ አለች፣ ሁለት ብቻ። ጣቴ ሦስት ቦታ ስቷል ግን አልቆመችም። ጋሼ ለምን ቃኚ ቃኚ እንደሚሉኝ አሁን ገባኝ፣ እስከዛሬ የምቃኘው በስልክ አፕ ነበር፣ የእናቴን ድምፅ ሳላውቅ።
አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ክረምት ሲገባ ቆዳው ይላላል ይባላል፣ እኛ ቤት ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ምን ላድርግ?

ባለደጋን፦
እሰይ! እናትሽን ሰላም በዪልኝ።
ቆዳው አዎ ይላላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ስታነሺው ድምፁ ደንዝዞ ታገኚዋለሽ። ከመጫወትሽ በፊት ከሰል ካለው ምድጃ ራቅ አድርገሽ ትንሽ አሙቂው፣ እናትሽ ቡና ስታፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ብታስቀምጪው ይበቃዋል። በጣም አታቅርቢው፣ ቆዳው ከደረቀ ይሰነጠቃል። ማታ ከግድግዳ ላይ አውርደሽ ጨርቅ አልብሰሽ አስቀምጪው፣ ክሩንም ትንሽ ልቀቂው። ጠዋት እንደገና ትቃኚዋለሽ።