ሁለት ኤለመንተሪ ስኩሎች፦ ሪፖርት ካርዳቸው ላይ 63 ከመቶ ያለው 54 ከመቶ ካለው ይሻላል?

ማሕደር
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ ካሉ ሁለት የፐብሊክ ኤለመንተሪ ስኩሎች አንዱን መምረጥ አለብን። ስቴቱ ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሚያወጣው ሪፖርት ካርድ ላይ በሂሳብ ፕሮፊሸንት የሆኑት (ለክፍላቸው የሚጠበቀውን ያሟሉት) በአንደኛው 54 ከመቶ፣ በሁለተኛው 63 ከመቶ ናቸው። በአንደኛው 70 ከመቶ የሚሆኑት ልጆች ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ናቸው፤ በሁለተኛው 20 ከመቶ ብቻ። ልጃችን ኪንደርጋርተን ትገባለች፣ ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ነው። 63ቱን መምረጥ ይበቃል ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

ሰንጠረዥ
እህቴ፣ አይቸኩሉ። የድምሩ መቶኛ በአብዛኛው የሚናገረው እነማን እንደሚማሩ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚያስተምር ለማወቅ ብቻውን አይበቃም። ገጹ ላይ ወደ ታች ወርደው በቡድን የተከፋፈለውን ውጤት ይክፈቱ። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ውጤቱን በዘር፣ በገቢ፣ በልዩ ፍላጎትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ለያይቶ እንዲያወጣ ያስገድዳል። የዝቅተኛ ገቢውንና የሌሎቹን ልጆች ውጤት ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች እዚህ ይጻፉልን።

ማሕደር
አገኘሁት። 54 ያለው፦ ዝቅተኛ ገቢ 45፣ ሌሎቹ 75። 63 ያለው፦ ዝቅተኛ ገቢ 35፣ ሌሎቹ 70።

ሰንጠረዥ
ይኸው! በሁለቱም ቡድን የሚበልጠው 54 ያለው ነው። በየትምህርት ቤቱ 100 ልጅ አለ ብለው ያስሉት። በመጀመሪያው 70 ልጅ በ45 ከመቶ 31.5፣ 30 ልጅ በ75 ከመቶ 22.5፤ ሲደመር 54። በሁለተኛው 20 ልጅ በ35 ከመቶ 7፣ 80 ልጅ በ70 ከመቶ 56፤ ሲደመር 63። ሁለተኛውን ከፍ ያደረገው የተማሪዎቹ ስብጥር ነው። በየድረ ገጹ ለትምህርት ቤቶች ከ10 የሚሰጠው ነጥብም ብዙ ጊዜ በዚሁ ድምር ላይ ስለሚደገፍ ቤት ሲፈልጉ እሱን ብቻ አይመኑ።

የፈተና ክፍል
የሰንጠረዥ ስሌት ትክክል ነው፤ ግን 35 ከመቶ ስንት ልጅ እንደሆነ ሳይታይ ፍርድ መስጠት አይገባም። ኤለመንተሪ ውስጥ የስቴቱን ፈተና የሚወስዱት ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ትምህርት ቤት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል 180 ልጅ ተፈተነ እንበል። 20 ከመቶው 36 ልጅ ነው፣ ከእነሱ ያለፉት 13 ያህል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 4 ልጅ ቢያልፍ ቁጥሩ 47 ከመቶ ይሆንና 45 ካለው ይበልጣል። አራት ልጅ! ስለዚህ የአንድ ዓመት ውጤት ይዘው አይወስኑ፤ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በቁጥር ፋንታ ኮከብ ምልክት ካዩ ቡድኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ተሸፍኗል ማለት ነው፤ ዜሮ አይደለም።

ቀጥሎ ግሮውዝ (የልጆቹ እድገት) የሚለውን ይፈልጉ። ብዙ ስቴቶች እያንዳንዱን ልጅ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ነጥብ ከነበራቸው ልጆች ጋር አወዳድረው ከ1 እስከ 99 ደረጃ ይሰጡታል፤ የትምህርት ቤቱ ቁጥር የልጆቹ መካከለኛ ደረጃ ነው። 50 እንደሌላው ይራመዳሉ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከ60 በላይ ከሆነ እዚያ ቤት የሚሠራ ሥራ አለ። ለዚህ ሁለት ፈተና ስለሚያስፈልግ ግን ቁጥሩ የሚመጣው ከ4ኛና ከ5ኛ ክፍል ነው። ልጅዎ የምትገባበትን ኪንደርጋርተንና ማንበብ የሚለመድበትን 1ኛ ክፍል እነዚህ የፈተና ቁጥሮች አይለኩትም፤ እሱን በጥያቄ ነው የሚያገኙት።

ሁለት ቋንቋ
አማርኛ ስለምትናገሩ አንድ ነገር ልጨምር። ስትመዘገብ ስለ ቤት ቋንቋ መጠይቅ ትሞላላችሁ፤ አማርኛ ብላችሁ ስትጽፉ ልጅቷ የእንግሊዝኛ ችሎታዋ ይፈተናል፣ ዝቅ ካለ ኢኤል (እንግሊዝኛ ተማሪ) ተብላ ድጋፍ ታገኛለች። አንዳንድ ወላጅ ወደ ኋላ ትቀራለች ብሎ ፈርቶ እንግሊዝኛ ብሎ ይጽፋል። እባካችሁ አታድርጉት፤ ልጅቷ የሚገባት ድጋፍ ነው የሚያመልጣት።

የኢኤል ልጆች ውጤት ዝቅ ብሎ ስታዩም አትደንግጡ። እንግሊዝኛ የቻለ ልጅ ከቡድኑ ይወጣል፣ አዲስ የመጣ ይገባል፤ ቡድኑ በአብዛኛው ገና ያልቻሉትን ይዞ ይቀራል። የሚጠቅማችሁ በእንግሊዝኛ መሻሻል ያሳዩ ልጆች መቶኛ ነው፤ ሕጉ ለብቻው እንዲለካ ያዛል። ዘር በሚለው ሥር ያለውን ጥቁር የሚለውንም የእኛ ልጆች ውጤት አድርጋችሁ አታንብቡት። ከሀገር ቤት በቅርቡ የመጣው ልጅና ለትውልዶች እንግሊዝኛ የተናገረ ቤተሰብ ልጅ እዚያው አብረው ይቆጠራሉ።

ሰንጠረዥ
ስለ ገቢው ቁጥርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀድሞ የሚለካው ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ በሚያገኙ ልጆች ብዛት ነበር። አሁን ብዙ ትምህርት ቤት ሲኢፒ በሚባለው ፕሮግራም ለሁሉም ልጅ ያለ ፎርም ነፃ ምሳ ይሰጣል። ወደ ፕሮግራሙ ለመግባት መስፈርቱ ፉድ ስታምፕን በመሰለ እርዳታ በቀጥታ የሚለዩት ልጆች 40 ከመቶ መድረሳቸው ነበር፤ በ2023 ወደ 25 ወረደ። አንዳንድ የመረጃ ዝርዝር እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት 100 ከመቶ ድሃ አድርጎ ያሳየዋል። ስለዚህ 70ው በምን እንደተለካ፣ 20ውም በዚያው መንገድ መለካቱን ዲስትሪክቱን ይጠይቁ።

ማሕደር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄጄ ስጎበኝ ምን ልጠይቅ?

የፈተና ክፍል
መጀመሪያ በኪንደርጋርተን ስንት ክፍል አለ፣ በአንድ ክፍልስ ስንት ልጅ? ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው የተማሪና የመምህር ጥምርታ ሙዚቃና ስፖርት የሚያስተምሩትን፣ የልዩ ፍላጎት መምህራንንም ስለሚጨምር 14 ለ1 ተብሎ ክፍሉ ውስጥ 24 ልጅ ሊቀመጥ ይችላል። ማንበብ ያቃተው የ1ኛ ክፍል ልጅ በየትኛው ወር ይለያል፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ በትንሽ ቡድን ይማራል? በግልጽ የሚመልስልዎት ትምህርት ቤት ሥራውን ያውቀዋል። የኢኤል መምህሯ በየቀኑ እዚያው ናት ወይስ ሌላ ትምህርት ቤትም ትሠራለች? ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ሪፖርት ካርዱ ላይ ከትምህርት ቀኑ 10 ከመቶና ከዚያ በላይ የቀሩትን ልጆች መቶኛ ይመልከቱ። በ180 ቀን ውስጥ 18 ቀን ነው፣ በፈቃድ የቀረውም ይቆጠራል። ከሦስት ልጅ አንዱ እንዲህ የሚቀር ከሆነ መምህሯ ያስተማረችውን ደግማ ማስተማር ይጠበቅባታል፤ ምን እየተደረገ እንደሆነ ርዕሰ መምህሩን ፊት ለፊት ይጠይቁ።