«8:00» የማን ሰዓት ነው? የኮርቲሶል ውጤት ግራ አጋብቶኛል

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴን ለወራት ድካም፣ ክሳትና ከተቀመጠችበት ስትነሣ ማዞር ስላስቸገራት፣ ሐኪሙ ከኩላሊት አናት ላይ ያለው አድሬናል ዕጢ የሚያመነጨውን ኮርቲሶል በደም እንድትመረመር አዘዘላት። ወረቀቱ «8:00» ይል ስለነበር ምሳችንን በልተን፣ ዳገቱን ወጥተን ደሴ ደረስን፤ ደሟም ልክ በ8 ሰዓት ተቀዳ። ውጤቱ 4.6 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው፤ መደበኛው ከ5 እስከ 25 ተብሎ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ተደርጎበታል። ዕጢዋ ሥራ አቁሟል ማለት ነው?

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ፦
መጀመሪያ ሰዓቱን እናጥራ። 8:00 የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ሳይሆን አይቀርም፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ናሙናው 6 ሰዓት ዘግይቷል። (በዚህ የተሳሳቱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም።) ኮርቲሶል ንጋት አካባቢ ከፍ ብሎ፣ ቀኑን እየቀነሰ ሄዶ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ እጅግ ዝቅ ስለሚል፣ ያ መለኪያ የሚያገለግለው ለጠዋት ናሙና ነው፤ ማሽኑ ግን ሰዓት ስለማያውቅ ቀስቱን ያትማል። በጠዋት ይደገም። ያን ጊዜ ከ3 በታች ከሆነ እጥረቱ በብርቱ ይጠረጠራል፤ ከ15 በላይ ከሆነ የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው፤ በመካከል ከዋለ ግን ዕጢውን የሚቀሰቅስ 250 ማይክሮግራም መድኃኒት በመርፌ ተሰጥቶ፣ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ሌላ ላብራቶሪ በናኖሞል በሊትር ጽፎ ቢሰጥዎ አይደንግጡ፤ 4.6 በ27.6 ሲባዛ 127 ይሆናል።

ነርስ፦
እህትዎ በቅርቡ እንደ ኮርቲሶል ሆርሞን የሚሠሩትን ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የተባሉ መድኃኒቶች ወስደዋል? መርፌውም፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒትም፣ የቆዳ ቅባቱም ይቆጠራል።

ጠያቂ፦
ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለ4 ወር ወስዳ፣ ሲያልቅባት ከ3 ሳምንት በፊት በራሷ አቁማለች። ለሐኪሙ አልነገርነውም።

ነርስ፦
እንግዲያው ይህ ከሰዓቱም ይብሳል። ሰውነት ሆርሞኑን ከውጭ ሲያገኝ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ለአድሬናል የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ደግሞ ዕጢው ወዲያው አይነቃም። ትእዛዙን የሚያደርሰው ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን አብሮ ቢለካ መልካም ነው፤ ኮርቲሶል ወርዶ እርሱ ከፍ ካለ ጉዳቱ ከአድሬናሉ ነው፣ ሳንባ ነቀርሳም አንዱ መንስኤ ነው፤ ሁለቱም ከወረዱ ግን ፕሬድኒሶሎኑ ይጠረጠራል። ማስመለስ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከታየባቸው የጠዋቱን ምርመራ ሳትጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸውና መድኃኒቱን ማቆማቸውን አስቀድመው ይናገሩ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ እህቴም ለጠዋቱ 2 ሰዓት እንድትደርስ ደሴ ዘመድ ቤት ታድራለች።